ጎባጣው ግድግዳችን

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚታጠፍ መንገድ ካያችሁ፣ ወይ ወንዝ አለበት፣ ወይ የትልቅ ሰው አጥር አለበት፣ ወይ የሞተ ባቡር አለበት። ወንዙ ክረምት ሲመጣ ራሱ ይናገራል። የትልቁን ሰው አጥር ዘበኛው ይነግራችኋል። የሞተውን ባቡር ግን ማን ይነግራችኋል? መንገዱ ዝም ብሎ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ ቤቶቹም ጀርባቸውን ሰጥተውት አብረው ይጎብጣሉ፣ እናንተም "ይህን የቀየሰው ሰውዬ ምን ጠጥቶ ነው?" ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ምንም አልጠጣም። ባቡር እንደ ሚኒባስ ሰው ላውርድ ብሎ ጥግ ላይ እጥፍ ማለት አይችልም። ሰፋ አድርጎ፣ ተከብሮ ነው የሚዞረው። ሐዲዱ ተነቅሎ ካለቀ በኋላም ሰው ያንኑ መዞሪያ ተከትሎ ያጥራል፣ ይሠራል፣ ይወልዳል። እኔ ይህን የማውቀው ተምሬው አይደለም፤ ተወልጄበት ነው። ከቦሌ ሚካኤል ወደ ጎተራ በኩል ስትሻገሩ ያለው የእናቴ ጭቃ ቤት የኋላ ግድግዳው ጎባጣ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱን የሠራው የድሬዳዋው ባቡር የሚያልፍበትን ቦታ ጥግ ይዞ ነው። ጎባጣ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ያላደገ ሰው ቁም ሳጥን ማስጠጋት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ አያውቅም። የእኛው ዳርና ዳሩ ግድግዳውን ሲነካ መሀሉ ክፍት ይቀራል፤ ድመት ትወልድበታለች።

ግድግዳውን ከውጭ የሚደግፈው ደግሞ አንድ ቁራጭ ሐዲድ ነበር። አባቴ ከየት እንዳመጣው ጠይቀነው አናውቅም፤ እሱም ነግሮን አያውቅም። እማዬ ልብስ ማስጫ ገመዷን አስራበት ትኖር ነበር።

እንዲህ እየኖርን ሳለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች መጡ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዘዋል። እሱ ባልከፋ፤ ቀይ ቀለምም ይዘዋል። ለአዲስ አበባ ሰው ቀይ ቀለም መፍረስ ማለት እንደሆነ ይነገረዋል? ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየሄዱ ምልክት አደረጉ፣ የእኛም ላይ አደረጉ። ጎረቤታችንና የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተክላይ፣ በወጣትነታቸው ከአዲግራት መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ ብረታ ብረት የነገዱ ሰው፣ ቀርበው ምንድን ነው ነገሩ ብለው ጠየቁ። መሣሪያውን የያዘው ኢንጂነር ዓይኑን ሳያነሳ፣ የድሮውን የባቡር መስመር እየተከተልን ነው አለና አለፈ።

በቃ። ሰፈር ለመግደል ከዚህ በላይ ንግግር ያስፈልጋል? ምሳ ሰዓት ላይ ባቡሩ ሊመለስ መሆኑ ታወቀ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዶዘሩ ተከራይቶ መንገድ ላይ ነው ተባለ። አዲሱ ባቡር እኮ ከከተማው ወዲያ ማዶ የራሱ መስመር አለው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ማን ይሰማኛል? እውነቱን ልንገራችሁና እኔም ራሴን አልሰማሁትም።

እማዬ ፈራች ብል አይገልጸውም። የአባቴን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርዳ በነጠላ ጠቀለለችው። ከዚያ ልብሷን በአንሶላ ቋጠረችና ቋጠሮው ላይ ተቀመጠች። የውሃ ቦቴ በመንገዱ ሲያልፍ ትነሳለች፤ ካለፈ በኋላ ትቀመጣለች። እኔ ሲኤምሲ አካባቢ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ ስልኬ ሲያቃጭል ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቆ ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። የፈራሁት ቤቱን እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱማ ጭቃ ነው። ምትክ ይሰጣችኋል ይባል ይሆናል፤ ለእኛ ቦሌ አራብሳ፣ ለጋሽ ተክላይ ደግሞ ሌላ ዳርቻ። እማዬ ስኳሯ ወርዶ አንድ ጠዋት በሯን ሳትከፍት ብትቀር፣ "እትዬ አስካለ ምነው ዛሬ ጠፉ?" ብሎ የሚያንኳኳው ማን ነው? ይህንን እያሰብኩ ስለ ወንዞቻችን አስተምር ነበር።

ሳምንቱ ሲያልቅ ጋሽ ተክላይ መፍትሔ ይዘው መጡ። እንደ ዳኛነታቸው ቆመው ነው የተናገሩት። ሐዲድ ከሌለ ባቡር አልነበረም፤ ባቡር ካልነበረ መስመር የለም፤ መስመር ከሌለ ሰዎቹ ምን ተከትለው ያፈርሱናል? እማዬ ከቋጠሮዋ ላይ ተነስታ እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። እሷም የበኩሏን ጨመረች። እዚህ ሰፈር ባቡር የሚባል ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅ ብላ በሚካኤል ትምላለች።

"እማዬ፣ በዚሁ ባቡር ድሬዳዋ ሰርግ ሄደሽ አልነበር?" አልኳት።

"እሱ ሌላ ባቡር ነው" አለችኝና ፊቷን አዞረች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ ጀመርን። ገመዱን ፈታን፣ የሐዲዱን ሥር ቆፈርን። ጋሽ ተክላይ በመፈንቅል ከታች ያነሳሉ፣ እኔ ከላይ እወዘውዛለሁ። ብረቱ አባቴ የተከለው መሆኑን ያስታውቃል፤ ንቅንቅ አልል አለ። የማስተርስ ዲግሪ ያላት ሴት፣ አንድን ግድግዳ የሚደግፍ ነገር ቢነቀል ግድግዳው ምን ይሆናል ብላ አትጠይቅም? አልጠየቅሁም። የታየኝ ዶዘሩ ብቻ ነበር።

ሐዲዱ ድንገት ለቀቀ። እኔና ብረቱ አብረን ወደቅን። ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ አሮጌ እንጨት ቀስ ብሎ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት። ጋሽ ተክላይ "ውጪ ከዚያ!" ብለው ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ግድግዳው እንደ ደከመው ሰው ወደ ውጭ ተንጋደደና ቁልቁል መጣ።

አቧራው ሰፈሩን ሸፈነው። ያን ጊዜ ነው እማዬ ውስጥ መሆኗ ትዝ ያለኝ። መድኃኒቷን ልውሰድ ብላ ገብታ ነበር። ተጣራሁ። ድጋሚ ተጣራሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ጋሽ ተክላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ለምን አወለቁት? ባርኔጣውን ባየሁ ጊዜ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ በእጄ መቆፈር ጀመርኩ። ምን እንደምፈልግ ለራሴ ለመንገር ፈራሁ።

አቧራው ትንሽ ሲገለጥ ጣሪያው አንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ቁም ሳጥኑ ላይ አርፏል። ከቁም ሳጥኑ ጎን አልጋው አለ። አልጋው ላይ እማዬ ተቀምጣለች፤ ወፍጮ ቤት የዋለች መስላ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ነጥታ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በሁለት እጇ ይዛ። እኔና ጋሽ ተክላይ መንገድ ላይ፣ እሷ መኝታ ቤቷ፣ መሀላችን ምንም የለም።

"ሐዲዱ ወጣ?" አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ያን ቀን ጋሽ ተክላይ ቤት አደርን።

ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ተመልሶ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆመ፤ የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም። ኢንጂነሩ በዝምታው ግራ ተጋብቶ ይመስለኛል፣ በዝርዝር አስረዳን። የድሮው መስመር ያለፈበት የእግረኛ መንገድ ይሆናል። መስመሩን ተከትለው የጎበጡት ቤቶች የባቡሩ ማስታወሻ ስለሆኑ እንዳሉ ይቆያሉ። ቀይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ማንም እንዳይነካው ነው የተቀባው።

ማንም እንዳይነካው! ይህችን ቃል ያን ቅዳሜ ቢጨምራት ምላሱ ይደክም ነበር?

ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ወደ እኛ ቤት ዞረ። ግድግዳ የለም። ቀዩ ምልክት መሬት ላይ ብትንትኑ ወጥቷል። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ጭቃውን፣ ቀጥሎ እኛን አየ። ጋሽ ተክላይ ሰማዩን መመርመር ጀመሩ። ልጁ ደግ ነው፤ ቶሎ ብላችሁ እንደነበረው አጉብጣችሁ መልሱት፣ እኔ እንደገና መጥቼ እቀባዋለሁ አለን። ሰፈሩ አሁን ተነፈሰ።

ኢንጂነሩ ግን ገና ያልገባው ነገር ነበር።

"ማዘር፣" አላት እማዬን፣ "አለቆቼ መጠየቃቸው አይቀርም። ይህን ግድግዳ ማን አፈረሰው ልበላቸው?"

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔን አየችኝ፣ ጋሽ ተክላይን አየቻቸው፣ ከዚያ ኢንጂነሩን ቀጥ ብላ እያየች፣

"ባቡር ገጭቶት ነው በላቸው" አለች።