ነጭ ለብሳችሁ ኑ

ነጭ ለብሳችሁ ኑ ብሎ የሚጠራ ሰው አያጠራጥራችሁም? እኔን ያጠራጥረኛል። እኔ ነጭ የምለብሰው ለቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ ባሕር ማዶ ኬኒንግተን በምንኖርበት ሕንጻ ግን በመጋቢት፣ ያውም በጾም፣ «ነጭ ለብሳችሁ ግቢው ውስጥ ኑ፣ የቀለም ዱቄት እንረጫጫለን» የሚል ወረቀት በየበሩ ገባ። የሂንዱዎች የጸደይ በዓል ነው፤ ሆሊ ይሉታል። ጠሪዋ ሚና ናት፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ሕንዳዊት።

ሚናን ደግሞ በከንቱ አልጠረጥራትም። አምና «ከቤትሽ የቅመም ሽታ ይወጣል ተብሎ በጎረቤት ኮምፕሌን ተደርጓል» የሚል ደብዳቤ ከሕንጻው አስተዳደር ደርሶኛል። ቁሌቴን መሆኑ ነው። ሽታ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ላይ ያለችው ማን ናት? ከዚያ ወዲህ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁለታችንም የፎቁን ቁጥር እናነባለን።

አልሄድም አልኩ። እዚሁ የተወለደችው ልጄ ሳራ ግን «ማሚ፣ ጀስት ፓውደር ነው» ብላ ጎተተችኝ። ሄድኩ፤ ጥቁር ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ። ጣፋጭ አቀረቡልኝ፤ ወተት አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ አለው አሉኝ፤ ጣፋጩን መለስኩ። ዱቄቱንም አሸተትኩት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! የሰዉ ፊት ቢጫና ሮዝ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ለተንኮለኛ ይመቻል፣ አልኩ በልቤ።

አንዲት ፊቷ አረንጓዴ የሆነ ሴት ቀይ ዱቄት በሳህን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ሚና ናት። ዛሬ የተቀያየመ የሚታረቅበት ቀን ስለሆነ ይቅርታ ልጠይቅሽ መጣሁ አለችኝ። አመነች፣ አልኩ ለራሴ።

«ስለ ደብዳቤው ነው» አለች። «በቅመሜ ሽታ ያሳበቅሽብኝ አንቺ መስለሽኝ ዓመት ሙሉ ተቀይሜሽ ነበር።»

ለካ እሷም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሷታል! እኔም የጠረጠርኩት አንቺን ነው ማለት ከበደኝ። ግን አልኳት። ይሄኔ ቀዩን ዱቄት ጉንጬን ቀባችኝ። እኔም ካፖርቴን ከፈትኩና ከሳህኗ ዘግኜ ቀባኋት። ስትስቅ አቀፍኳት። ዓይኔ እንባ ሲያቀር ሳራ አየችኝ፤ ዱቄቱ ነው አልኳት።

ጥርጣሬ ክፉ ነው ልትሉኝ ነው አይደል? ክፉ ነው። ግን እኔም እሷም ካልሆንን ማን ነው ያሳበቀብን? እንደተቃቀፍን ሁለታችንም ቀና አልን። ከሁለታችንም በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰውዬ ከመጋረጃ ጀርባ ቁልቁል ያየናል። ሚና ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ።

መጠርጠሩን አልተውኩም። አብራኝ የምትጠረጥር ጓደኛ ግን አገኘሁ።