ሥዕሉ ውስጥ፣ ወንበሩ ጣራ ላይ

[ደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ ማለዳ። የባሕር ዳር አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል። የመናኸሪያው የስምሪት ኃላፊ ዳኛቸው ክራቫቱን አስሮ በሩ ላይ ቆሞ መግቢያውን ዘግቶታል። ከፊቱ ከጋፋት የመጣች ወጣት፣ ሠናይት፣ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣለች።]

ዳኛቸው፦ ይታጠፋል አልሽ እንጂ ይጠፋል አላልሽም። ቢታጠፍም ቦታ ይይዛል።

ሠናይት፦ ከዚያ ሙክት ያንሳል።

ዳኛቸው፦ ከየትኛው ሙክት?

ሠናይት፦ በመስኮት ከሚያየን።

ዳኛቸው፦ እሱ ነፍስ አለው፤ ጣራ ላይ ይበርደዋል። ያንቺ ወንበር ብረት ነው፣ ከላይ ይታሰራል።

ሠናይት፦ እሺ፣ ይታሰር። እኔስ?

ዳኛቸው፦ አንቺማ ሰው ነሽ፤ በእግርሽ ገብተሽ... [ያስላል] የሚሸከምሽ ሰው ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ። ብቻዋን መንገድ የምትወጣ አካል ጉዳተኛ የት ታይታ ታውቃለች?

ሠናይት፦ ይኸው እያዩኝ ነው። ጋሼ፣ ይሄ መኪና ካመለጠኝ ጉዳዬ አለቀለት። ከሰዓት በፊት መድረስ አለብኝ።

ዳኛቸው፦ ጠበል አይሸሽ፣ ምን ያስቸኩልሻል? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ሠናይት፦ ጠበል አላልኩም።

ዳኛቸው፦ ታዲያ አንቺን ምን ያስኬድሻል?

ሠናይት፦ [ወደ ውስጥ አሻግራ እያየች] ከሾፌሩ ኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ልግባ።

ዳኛቸው፦ ባዶ አይደለም። ታፔላ አለበት።

ሠናይት፦ ያ በላስቲክ የተጠቀለለው? የምን ታፔላ ነው?

ዳኛቸው፦ የዊልቸር ሥዕል ነው። ዛሬ ባሕር ዳር «ትራንስፖርት ለሁሉም» የሚል ስብሰባ አለ፤ መናኸሪያችንን የምወክለው እኔ ነኝ። ያሳልኩትም እኔ ነኝ።

ሠናይት፦ ሥዕሉ ውስጥ፣ ዊልቸሩ ጣራ ላይ?

ዳኛቸው፦ አየሽ፣ ቀስ ብለው ሲያስረዱሽ ይገባሻል። ቀለሙን ዝናብ ከነካው እኮ አለቀ።

ሠናይት፦ እኔንም ዝናብ ይነካኛል።

ዳኛቸው፦ አንቺ ቀለምሽ አይለቅም።

ሠናይት፦ ከታፔላው ጎን ያለው ወንበርስ?

ዳኛቸው፦ እሱ የክብር እንግዳ ወንበር ነው። ስብሰባውን በንግግር የምትከፍት ሴት ከዚሁ ከኛ አገር ተመርጣለች። «ያለሷ እንዳትመጣ» ተብያለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው እሷን ነው።

ሠናይት፦ [ቀና ብላ] ያውቋታል?

ዳኛቸው፦ ስልኳን ሰጥተውኛል። ትልቅ ሰው ናት፤ በመኪና ነው የምትመጣው። እንዳንቺ በር ላይ ቆማ አትጨቃጨቅም።

ሠናይት፦ በዊልቸር ብትመጣስ?

ዳኛቸው፦ ስለ ዊልቸር ትናገራለች እንጂ ዊልቸር ላይ ምን ትሠራለች? ስለ ወባ የሚያስተምር ሐኪም ወባ ይይዘዋል እንዴ? ምን ላድርግሽ፣ ጭንቅላትሽ ሩቅ አያይ።

[ሾፌሩ ሞተሩን እያስጮኸ «ዳኛቸው፣ እንሂድ እንጂ» ይላል። ዳኛቸው ጀርባውን ለሠናይት ሰጥቶ፣ መንገድ መንገዱን እያየ ይደውላል። የሠናይት ስልክ ይጠራል፤ ዳኛቸው ግን በሞተሩ ጩኸት አይሰማውም። ታነሳዋለች።]

ዳኛቸው፦ ሄሎ፣ እመቤቴ፣ የት ደረሱ? መኪናው እርስዎን ብሎ ቆሟል።

ሠናይት፦ ከደረስኩ ቆየሁ። አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ገትሮኛል።

ዳኛቸው፦ እርስዎን? ማን ነው እሱ ደንቆሮ? ስሙን ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ ከሥራ አስወጣዋለሁ።

ሠናይት፦ ሾፌሩ ዳኛቸው ሲለው ሰማሁ።

[ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል። ዳኛቸው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሠናይት ስልኳን ትዘጋለች።]

ዳኛቸው፦ እርስዎ... ልጄ... እመቤቴ... ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?

ሠናይት፦ እንግዳ መሆኔን ነው ወይስ ሰው መሆኔን?

[ዳኛቸው እየሮጠ ታፔላውን ያወጣል፤ ረዳቱ ጣራ ላይ ያስረዋል። ሁለት ተሳፋሪዎች ሠናይትን ከነወንበሯ አንስተው ያስገባሉ። ማካፋት ይጀምራል። ዳኛቸው አጠገቧ ጎንበስ ይላል።]

ዳኛቸው፦ ይቅርታዎን። ይቺን የዛሬዋን ነገር እዚያ አያነሷትም አይደል? የንግግርዎ ርእስ ሌላ ይሆናል መቼም።

ሠናይት፦ ለንግግሩ ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ አደርኩ። የሚሆን ነገር አጥቼ ባዶዬን ነበር የመጣሁት።

ዳኛቸው፦ እና?

ሠናይት፦ እና እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። አሁን የጎደለኝ የአባትዎ ስም ብቻ ነው።