መብራት እንዳይመጣ የለመኑት ሰው

በየመሥሪያ ቤቱ በሩን ቆልፎ ወጥቶ፣ መቆለፉን ለማረጋገጥ ከመንገድ የሚመለስ አንድ ሰው አይጠፋም። ተመልሶ በሩን ይነቀንቃል፤ ይሄዳል፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ የነቀነቀው ትክክለኛውን በር መሆኑን ይጠራጠራል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት ካለ፣ እስካሁን ያልተዘረፈው በዕድሉ ነው።

ፀደንያ የምትሠራው ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ በቤታቸው የተበደሉ ሴቶች መጥተው ቃላቸውን በሚሰጡበት አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። እዚያ ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሽ ይሄይስ ናቸው። የሥራ መደባቸው የኮምፒውተር ባለሙያ ይላል፤ ፀደንያ ግን በልቧ ‹‹ክቡር የቁልፍ ሚኒስትር›› ብላ ሾማቸዋለች። ክቡርነታቸው ምንም አያምኑም። ሰማዩን ስለማያምኑ ጃንጥላቸው በጋ ከክረምት ብብታቸው ሥር ነው። ባጃጅ ውስጥ ስልክ አያነሡም፤ ሹፌሩ ጆሮ አለዋ። ምሳ ሲያዙ እንኳ ዙሪያቸውን ቃኝተው ነው ‹‹ሽሮ›› የሚሉት።

የቢሮውን በር ሁለት ቁልፍ ያስገጠሙት እሳቸው ናቸው። የላይኛው መክፈቻ ፀደንያ ጋ፣ የታችኛው እሳቸው ጋ ይውላል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይገባም። ‹‹እኔን ራሴን ለምን ታምኚኛለሽ?›› ብለዋታል። የሴቶቹ ቃል የሚቀመጥበትን ተንቀሳቃሽ ዲስክ ደግሞ ፀደንያ ብቻ በምታውቀው የይለፍ ቃል አስዘግተውታል። ግልባጭ ይኑረን ያለቻቸው ጊዜ እጃቸውን አርገበገቡ።

‹‹ሁለት ቅጂ ማለት ሁለት ሌባ መጥራት ነው፣ ልጄ!››

ፀደንያ በዚህ ሁሉ ስትስቅ ኖራለች። መሳቋን የተወችው ትርፌ የመጣች ቀን ነው።

ትርፌ ከሸዋ ቤንች የመጣች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የምትናገር ሴት ናት። ባሏ ያደረጋትን ለሰው ስትነግር የመጀመሪያዋ እንደሆነ ያስታውቃል። አፏን ከመክፈቷ በፊት ኮምፒውተሩን አየችው።

‹‹የባሌ ወንድም አማን ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው የሚጠግነው›› አለች። ‹‹ይሄ ሲበላሽ እሱ ጋ ይሄድ የለ? የምናገረውን አያየውም?››

‹‹ማንም አያየውም›› አለቻት ፀደንያ፣ እጇን ይዛ።

ጋሽ ይሄይስ ቦታውን ለሴቶቹ ለቀው እየወጡ ነበርና ይህን ሰሙ። ትርፌ አልቅሳ፣ ተናግራ ከሄደች በኋላ ፊታቸውን አጥቁረው ተመለሱ።

‹‹ዋሽተሻታል›› አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር በእጁ ያለውን ሥራ የሚይዘው ሚሞሪው ላይ ነው፤ ሲሞላበት የተረፈውን ሆዱ ውስጥ ያለ ዲስክ ላይ ያራግፋል። የቢሮው ኮምፒውተር የሚሠራበት ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ይህን ማራገፊያ ስዋፕ ይለዋል። ተንቀሳቃሹ ዲስክ የቱንም ያህል ቢዘጋ፣ የትርፌ ቃል ቁርጥራጭ ማራገፊያው ላይ እንደተገለጠ ሊቀር ይችላል። ኮምፒውተሩ ለጥገና ቢሄድ፣ ሥራው የገባው ሰው ይለቅመዋል።

‹‹ታዲያ ምን ይሻላል?›› አለች ፀደንያ።

‹‹እሱንም መቆለፍ ነዋ!›› አሉ። የሚቆለፍ አዲስ ነገር በማግኘታቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ካሉት ሁለት ዲስኮች ሁለተኛውን ለስዋፕ ብቻ ሰጡት። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ያን ዲስክ በአዲስ ቁልፍ እንዲመሰጥረው፣ ቁልፉን ለማንም እንዳይነግር፣ ሲጠፋም ቁልፉ አብሮ እንዲጠፋ አዘዙት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ላይ የወደቀ ነገር አይነበብም። ‹‹እኔም ብሆን!›› አሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። ፀደንያ ልቧ መለስ ብሎላት ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። በዚህ ከተማ መብራት ሲጠፋ ሁሉም የያዘውን እንዳለ ትቶ ይወጣል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። የቢሮው ኮምፒውተርም መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ ሆኖ የተሠራ ነው። ተንቀሳቃሹን ዲስክ እንደተሰካ ትተው፣ በሩን ሁለቱም በየመክፈቻቸው ቆልፈው ወጡ። ጋሽ ይሄይስ ሥራ ነበራቸውና ወደ አማን ሄዱ፤ ፀደንያ ፊት ለፊት ካለው የጥሩነሽ ሻይ ቤት ተቀመጠች። ዝናቡ ጀመረ። ኔትወርኩም መብራቱን ተከትሎ ጠፋ።

ጥሩነሽ ፍሪጅ ውስጥ ስላለው ወተቷ እያማረረች ሳለ፣ ጋሽ ይሄይስ በጭቃው ውስጥ ሲሮጡ ታዩ። ጃንጥላ አልያዙም። ፀደንያ ሰው የሞተ መስሏት ብድግ አለች።

‹‹መጣ?›› አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

‹‹ምኑ?››

‹‹መብራቱ!››

‹‹ኧረ አልመጣም። ምነው ጋሼ?››

‹‹ተመስገን! አይምጣ! ጌታዬ፣ እባክህ ትንሽ አቆየው!››

‹‹እኚህ ሰውዬ ምን ነካቸው?›› አለች ጥሩነሽ። ‹‹የእኔ ወተት ሊበላሽ ነው እሳቸው አይምጣ ይላሉ!››

ጋሽ ይሄይስ ፀደንያን በዝናቡ ወደ ቢሮው እየጎተቱ አማን ላይ ድንገት ትዝ ያላቸውን ነገሯት። የስዋፑን ዲስክ በገዛ መለያ ቁጥሩ መጥራት ሲገባቸው፣ ‹‹ሁለተኛው ዲስክ›› ብለው በተራው ጠርተውታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ለዲስኮቹ ተራ የሚሰጠው ሲነሣ ነው፤ እንደ ባጃጅ ተራ፣ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይጠራል። ጠዋት ምንም አልተሰካበትም ነበር፤ አሁን ሲነሣ ግን ሌላ ዲስክ ተሰክቶ ካገኘ፣ ሁለተኛ የሚለው እሱን ሊሆን ይችላል። ያኔ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማንም በማያውቀው ቁልፍ ይጽፍበታል።

‹‹በሴቶቹ ዲስክ ላይ?››

‹‹በሴቶቹ ዲስክ ላይ።››

‹‹ግልባጭ እኮ የለንም!››

‹‹የለንም›› አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። ‹‹ለካ ሌባው እኔ ነኝ።››

ፀደንያ ስለ ሌላው ማሰብ አልቻለችም። ትርፌን አስጠርቶ እንደገና ንገሪኝ ማለት ብቻ ታያት። እንደገና እንደማትናገር ታውቃለች።

የላይኛውን ከፈተች። የታችኛው ግን የእሳቸው ነው፤ መክፈቻው ቀዳዳውን እየሳተ ቆይቶ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። በዚህ መሃል ከገበያው በኩል ጩኸት ተሰማ።

‹‹መጣ! መጣ!››

ጋሽ ይሄይስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፀደንያ ጭቃው ላይ ተንበርክካ በእጇ ዳሰሰች፤ አገኘችው፤ በቀሚሷ ጠርጋ ከፈተች። ጨለማው ውስጥ ጉልበቷን ከጠረጴዛው አጋጭታ የዲስኩን ገመድ መዥርጣ ነቀለችና ዲስኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች።

መብራቱ አልመጣም። ገበያው በኩል ያሉት የጮኹት ለራሳቸው መስመር ኖሯል። እነ ፀደንያ ጋ የደረሰው ጥሩነሽ ጋ ተቀምጠው ሁለተኛ ሻያቸውን ከጠጡ በኋላ ነው። በዚያ መሃል ግልባጭ እንዲኖር ተስማሙ፤ የት እንደሚቀመጥ ግን ክቡርነታቸው የነገሯት በጆሮዋ ነው።

ቢሮ ገብተው ስዋፑን በመለያ ቁጥሩ ጠርተው አስተካከሉ፤ ኮምፒውተሩን ደጋግመው እያጠፉ አስነሡት፤ ከዚያ ‹‹አሁን ስኪው›› አሏት። ሰካችው። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ፀደንያ ለመጻፍ እጇን ስትዘረጋ ጋሽ ይሄይስ ዞረው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ነው፤ ከኮታቸው ላይ ውሃው ይንጠባጠባል።

‹‹ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ! ከእርስዎ ምን ይደበቃል?››

‹‹ጻፊ›› አሉ፣ ሳይዞሩ።

ጻፈች።

‹‹ተከፈተ?››

‹‹ተከፍቷል።››

‹‹የዚያች ልጅ... ስሟን አላውቀውም። የሸዋ ቤንቿ። የእሷ አለ?››

ፀደንያ ፈለገች። አለ፤ አንድም መስመር አልጎደለበትም።

‹‹አለ፣ ጋሼ።››

የጋሽ ይሄይስ ትከሻ ዝቅ አለ። ፀደንያ እኚህን አስቸጋሪ ሰውዬ እንደ አባቷ እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ገባት።

‹‹እንግዲያው ዝጊውና ንገሪኝ›› አሉ ከግድግዳው። ‹‹ያኔ እዞራለሁ።››

ፀደንያ ወዲያው መዝጋት አልቻለችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ የቱን እንደምትጫን አልታይ አላት።