የጋሽ ቦልቴ «ማታን»

በየዘመዱ ቤት ለርቀት ደንታ የሌለው አንድ ሰው አይጠፋም። የሦስት ሰዓቱን መንገድ «እዚህችው ናት» ይላል፤ ገደሉን «ትንሽ ቁልቁለት»፣ ወንዙን «እርጥበት» ይለዋል። ተከትሎት የሄደ ሰው እያነከሰ ደርሶ ሲወቅሰው «ታዲያ ደረስክ አይደል?» ብሎ ይገረማል። በወላይታ ሶዶ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ቦልቴ፣ የሰብለ ባል የመልካሙ አጎት ናቸው።

ሰብለ ማዕረጋቸውን ያወቀችው ዘግይታ ነው። መልካሙ ወደ ትውልድ አገሩ ተዛውሮ፣ ቤተሰቡ ከደብረ ብርሃን ሶዶ ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ጋሽ ቦልቴ አገሩን ሲያለማምዷት ገበያውንም፣ ክሊኒኩንም፣ ልጃቸው ያገባችበትን ሩቁን የገሱባ ከተማንም በአንድ ቃል ነበር የሚጨርሱት፤ «ማታን!» በወላይትኛ «ቅርብ ነው» ማለት ነው። ወላይትኛ የማታውቀው ሰብለ ግን ገበያው የሚቆመው ማታ ማታ መሰላት። ለዓይን ሲይዝ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ሄዳ ባዶ ሜዳ ጠበቃት።

ሌላው ቃላቸው «ቢፒአር» ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ሂደት ማሳጠሪያ። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጡረታ የወጡት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢፒአር፣ ቢፒአር በሚልበት ሰሞን ነበር። ከዚያ ሁሉ ስልጠና የያዙት አንድ ነገር፣ አሥራ አንድ ደረጃ የነበረው ሥራ በሦስት ማለቅ እንዳለበት ነው። ቢሮ ውስጥ አልተሳካላቸውም። ስለዚህ መንገድ ላይ ይሞክሩታል፤ የትኛውም አቋራጭ ለእሳቸው ቢፒአር ነው።

ነሐሴ ላይ ልጆቹን አጆራ ፏፏቴ እናሳያቸው አሉ። መልካሙ ሥራ ነበረበት። ሰብለ የሰባት ዓመቱን ባርኮትንና የአራት ዓመቷን ሚስጥርን ይዛ በአረካ በኩል ከእሳቸው ጋር ሄደች። ቀትር ላይ ከገደሉ አፍ ሲደርሱ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን እየተወረወሩ ታዩ። ሰብለ ከላይ ማየቱ በቂ እንደሆነ ተናገረች።

«ይሄ ማየት ነው እንዴ? ፏፏቴ ከታች ነው የሚታየው» አሉ ጋሽ ቦልቴ። «ዋናው መንገድ ይዞራል። እኔ ጋር ቢፒአር አለ።»

ቢፒአሩ ከገደሉ ጎን የተለጠፈ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀይ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ሣር የተሸከመች ሴት ከታች ብቅ አለችና ልጆቹን አይታ በወላይትኛ ብዙ ተናገረች። እጇን ወደ ገደሉ ዘረጋች፤ ራሷን ያዘች።

«ምንድን ነው ያለችው?» ጠየቀች ሰብለ።

«መንገዱ ጥሩ ነው ይላል።» በጋሽ ቦልቴ አማርኛ ሴትና ወንድ ብዙም አይለያዩም።

«ራሷን የያዘችውስ?»

«ሣሩ ከብዶት ነው።»

መውረድ ጀመሩ። ሰብለ የሚስጥርን ሹራብ ከኋላ ጨምድዳ ይዛ፣ አንድ እግሯን ሳትተክል ሌላውን አታነሳም ነበር። የባርኮት ጫማ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሁለቴ ተቆፍሮ ወጣ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምንደርሰው?» አለ ልጁ።

«ማታን!»

ባርኮት ፀሐይዋን አየና ለቅሶውን ለቀቀው። «እማዬ፣ ማታ ነው አሉ! እስከ ማታ ልንሄድ ነው!»

«ማታ አይደለም፣ ማታን!» አሉ ጋሽ ቦልቴ ተናደው። ልጁ ልዩነቱ አልታየውም፤ ለቅሶውን ቀጠለ።

ፏፏቴው ሥር ደርሰው ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆዩ ዝናቡ ወረደ። ቋጥኝ ተጠግተው እስኪያባራ ሲጠብቁ አሥር ሰዓት ሆነ። ጭቃው አሁን ሳሙና ነው። ከመምሸቱ በፊት ካልወጡ ደግሞ በዚያ ገደል ላይ በጨለማ ሁለት ሕፃናት ይዞ መሄድ የማይታሰብ ነበር። ሰብለ ይህን እያሰበች ስትወጣ ሚስጥር ከእጇ አመለጠች። የልጅቱ እግሮች ከመንገዱ ጠርዝ አልፈው ነበር፤ ጋሽ ቦልቴ በሆዳቸው ጭቃው ላይ ተወርውረው ክንዷን ያዙ።

ሽማግሌው ልጅቱን ጀርባቸው ላይ በሰብለ ነጠላ አስረው መንገዱን ቀጠሉ፤ በየጥምዝዙም «ማታን! አይዞህ፣ ማታን!» ይላሉ። ሰብለ ለመልካሙ በስልክ የምትለውን በልቧ ታዘጋጅ ነበር። «እኚህ አጎትህ ልጆቼን ሊፈጁብኝ ነበር» ብላ ነው የምትጀምረው።

ከብዙ ጥምዝዝ በኋላ «ማታን» የሚለው ድምፅ ቀረ። ሰብለ ዞር አለች። ጋሽ ቦልቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው ገርጥቷል። ሚስጥርን ላውርዳት ብትል እምቢ አሉ።

«ሰብለ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገና ብዙ ነው?»

ይህን ጥያቄ በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ጠይቀው አያውቁም። ሰብለ ወደ ላይ አየች፤ የገደሉ አፍ ጉም ውስጥ ገብቶ አይታይም። ፀሐይዋ ወርዳለች። አፏን ስትከፍት እውነቱን ልትናገር ነበር፤ የቀኑን ንዴቷን በሙሉ ጨምራ።

ሚስጥር ከጀርባቸው ላይ ሆና ቀደመቻት። «ማታን!» አለቻቸው በጆሯቸው።

በየትኛው ቋንቋ እንዳለችው እስከ ዛሬ አይታወቅም። በሁለቱም ትክክል ነበረች። ጋሽ ቦልቴ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱ ተነሱ። ሰብለ ከኋላ በቀበቷቸው ደግፋ፣ ባርኮት ፊት እየቀደመ «ማታን! ማታን!» እያለ፣ ሰው ከሰው የማያስለየው ጨለማ ሊወርድ ሲል ገደሉን ጨረሱት።

ላይ ሲወጡ ስልኩ ኔትወርክ አገኘና ጮኸ። መልካሙ ነው።

«የት ደረሳችሁ?»

ሰብለ ያዘጋጀችውን ልትጀምር ዞር አለች። ጋሽ ቦልቴ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው የሚስጥርን ጫማ በሣር ይጠርጋሉ፤ ራሳቸው ግን ግንባራቸው ድረስ ጭቃ ናቸው። መኪና የለም። አረካ ራሱ ሩቅ ነው፤ ሶዶ ደግሞ ከአረካ ወዲያ።

«ማታን» አለችው።

መልካሙ የጋሽ ቦልቴ የወንድም ልጅ ነውና እራቱን ብቻውን በላ።