የሮቢት ሕዝብ በሙሉ ጅቡቲ ስለ መሄዱ

ሥርዓት የሌለው ሕዝብ ከመንጋ አይለይም። ካፒቴኑ ሸዋ ሮቢት ላይ ቢሮውን ከመክፈቱ በፊት የይፋት ቆላ ሰው ወደ ባዕድ አገር የሚሄደው እንዲያው በእግሩ ነበር። ስንቁን ይቋጥራል፣ ጎረቤቱን ይሰናበታል፣ ይሄዳል። ይባስ ብሎም ይደርስ ነበር። መንግሥት ሳያውቅለት የደረሰ ሰው ደረሰ ይባላል? ይህን ጨለማ የገፈፈልን ጣሊያን ነው። ካፒቴኑ መልካም ሰው ነበር፤ በዚህ ዓለም ላይ የሚጠላው ትንኝንና ያልተጻፈ ነገርን ብቻ ነው። ትንኙን አልቻለውም።

ሙሚና ይህን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጅቡቲ ለሚነግድ ሰው የተዳረችው ልጇ መሊካ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። ወሬውን ያመጣላት የጨው ነጋዴው ሸሪፍ ነበር። ግመሎቹን ሳያቆም፣ «ልጅሽ ደህና ናት፣ ሆዷ ከፊቷ ይቀድማል» ብሏት አለፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሚና የበላችው አይወርድላትም። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት እጅ ነው። በሰው አገር ማን ወገቧን ይይዝላታል? ገንፎዋንስ ማን ያገነፋላታል? የባሕር ሰዎች ገንፎውን በዓሣ ቢሠሩትስ? ሙሚና በዓሣው ብቻ ግማሽ ቀን ልትጨነቅ ትችል ነበር።

ሄዳ ለካፒቴኑ አስተርጓሚ ለካሳሁን ነገረችው። ካሳሁን ጣሊያንኛውን የተማረው ከወጥ ቤት ስለሆነ ካፒቴኑ ሲያስረዝም ያሳጥራል፣ ሲያሳጥር ያስረዝማል፤ በመጨረሻ ልኩ ይመጣል።

«ጌታው፣ ጅቡቲ መሄዴ ነው። ልጄ ልትወልድ ነው።»

«መሄዴ ነው አይባልም፣ እትዬ ሙሚና። ይጠየቃል እንጂ።»

«ማንን ልጠይቅ? ባሌ እንደሆነ ሞቷል።»

«መንግሥትን።»

«መንግሥት ልጄን ያውቃታል?»

«እርስዎንም ገና አላወቀዎትም። ችግሩ እሱ ነው።»

ካፒቴኑ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያትና አንድ ነገር ጠየቀ።

«ተወልደዋል ወይ ይላል» አለ ካሳሁን።

ሙሚና ወደ እጆቿ ተመለከተች። ሐሰት መናገር አትወድም፤ በጊዜው ደግሞ ልብ አላለችውም። «ይመስለኛል» አለች።

ይመስለኛል ለመንግሥት አይበቃም። ሰው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ አስቀድሞ መወለድ አለበት፤ መወለዱም በምስክር መጽናት አለበት። ካሳሁን አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። በአገሩ እውነት የሚገኝበት መንገድ አንድ ነው፤ አውጫጭኝ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አገሬው በሙሉ አንድ አጥር ውስጥ ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይበላም። ለሌባ የተበጀ ሥርዓት ለሙሚና አይሆንም የሚል ሕግ አልተገኘም።

በገበያ ቀን እሮቃው ዛፍ ሥር አጥር ታጥሮ ሕዝቡ ገባ። ማሽላ ሊሸጡ ከቀወት የወረዱት ክርስቲያኖችም ከነአህያቸው ገቡ። አውጫጭኝ ለይፋት ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ ነው፤ የጠየቀ ይጠረጠራል። ስለዚህ ሽማግሌው ጀይላን ገና ካሳሁን አፉን ሳይከፍት ብድግ አሉ።

«ወላሂ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብለው ተቀመጡ።

«ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ የቀወቱ አቶ ገብረሚካኤል።

መሐላው እንደ ውኃ መስመሩን ይዞ ወረደ። ካፒቴኑ እየጻፈ ነው። ሁሉም ምሎ ሲጨርስ የከተማው ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሙሚና ስትወለድ ያላየ፣ ያልሰማ መሆኑ ተረጋግጦ በማኅተም ታተመ።

ሙሚና አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ወደ ታላቅ እህቷ ወደ ሐምዲያ ዞረች።

«አንቺም ማልሽ?»

«እና ምን ላድርግ? ምን ጠፍቶ ነው ለመሆኑ?»

«እኔ።»

«ታዲያ ቀደም ብሎ አይነገርም? ማልኩ እኮ።»

አንዴ የተማለ አይመለስም። ያልተወለደች ሴት ልጅ ልትኖራት አይችልም፤ ልጅ ከሌላት ጅቡቲ ምን ትሠራለች? ሙሚና እዚያው ቁጭ እንዳለች እንባዋ መጣ። አልተወለድሽም መባሉን ትችለው ነበር፤ የመሊካ መቅረት ነው ያንገበገባት። ሽማግሌዎቹ ይህን አይተው ራሳቸውን ሰብስበው ተማከሩ። ደግነቱ አውጫጭኝ መውጫ ቀዳዳም አለው፤ መታወቅ የሚፈራ ምስክር ለሽማግሌ በጆሮ ሹክ ይላል፣ ሽማግሌዎቹም ስሙን ደብቀው «ወፍ ነገረን» ይላሉ።

አቶ ገብረሚካኤል ተነሡ። «ወፍ ነግሮናል። ይህች ሴት ተወልዳለች።»

ካፒቴኑ እስክሪብቶውን አነሣ። «ወፉ ማን ይባላል? አድራሻውስ?»

ካሳሁን ማስረዳት ጀምሮ ቃሉ አለቀበት። ወደ ላይ አመለከተ። ካፒቴኑ ቀና ሲል እውነትም እሮቃው ላይ አንድ ወፍ ነበር፤ እንዲያውም ጮኸ። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ያን ቀን ግን ለመንግሥት ጮኸ። ቃሉ ተመዘገበለት።

ቀጥሎ ሙሚና ጅቡቲ እንደማትቀር ዋስ ተጠየቀ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሕዝቡ ርቦታል፣ አጥሩ አልተከፈተም። «ሁላችንም ዋስ ነን» አለ ሕዝቡ፣ አህዮቹም አናፉ። እንዲህ ያለ ፍቅር ለአንዲት ሴት ታይቶ አይታወቅም።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሙሚና ሳትጠራ የምትሄድ እንግዳ እንዳትሆን የመሊካ የጥሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውም የዚያ አገር መንግሥት ማኅተም ያለበት ይሁን ተባለ። ሙሚና የሸሪፍን ግመሎች ጀውሃ ድረስ ሮጣ ደረሰችባቸው።

«ለመሊካ ንገርልኝ። እናትሽን ጥሪ ተብለሻል በላት።»

«መጥራት ምን ችግር አለው? ሁልጊዜ ትጠራሽ የለ እንዴ?»

«በወረቀት ነው።»

ሸሪፍ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሙሚናም በየቀኑ የመንገዱን አቧራ ስታይ ከረመች። ልጄ ወለደች ይሆን? ብቻዋን ሆና ይሆን? ሰው ቢናገራት አትሰማም፤ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ማሰሮዋን ረስታ ትመለሳለች።

ግመሎቹ የተመለሱ ቀን ሙሚና ከሩቅ ሆና ወረቀት ትፈልግ ነበር። ወረቀቱንም አየችው፤ የያዘው እጅ የመሊካ ነበር። ልጅቱ ከነሆዷ ከግመሉ ወርዳ ቆማለች።

«ያ ረቢ፣ አንቺ በዚህ ሆድሽ?»

«የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ፣ አንቺው ነሽ ያልሽኝ። ደብዳቤውን ለሰው ከምሰጠው ብዬ ራሴ አመጣሁት።»

«ድንበር ላይስ ምን አሉሽ?»

«ግመሎቹን ከየት ናቸው አሏቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝ።»

ሙሚና ታማኝ ሴት ናት። መንግሥት ያዘዘውን ደብዳቤ አምጥታለችና ልጇን በአንድ እጇ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዛ ቢሮ ገባች። ካፒቴኑ የጥሪውን ደብዳቤ አገላብጦ አየ፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አነሣ፣ ፊቱ በደስታ በራ። ሁሉም ተሟልቷል። በይለፍ ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን መታ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ ካሳሁን። «ጅቡቲ ሄደው ልጅዎን መጠየቅ ይችላሉ።»

«ልጄ ይችውልዎ።»

ካሳሁን መሊካን አያት፤ ሆዷንም አየ። ለካፒቴኑ ሹክ አለው። ካፒቴኑ ግን ዓይኑን ከወረቀት አስበልጦ አያውቅም።

«ደብዳቤው ልጅቱ ጅቡቲ ናት ይላል» ሲል ካሳሁን መልሱን አስተረጎመ። «ይለፍ ከወጣ ደግሞ አይሰረዝም። እስከ ገበያ ቀን ድረስ ካልሄዱ እርስዎም ዋሶችዎም ይታሰራሉ።»

ዋሱ ከተማው በሙሉ ነው። ሙሚና የልጇን እጅ ጨብጣ ቆመች። የመጣችላትን ልጇን ቤት ትታ ልጇን ልትጠይቅ በረሃ ልታቋርጥ ነው። ካልሄደችም የምታሳስረው ጎረቤት ነው፤ አዋላጇም ከዚያው ውስጥ ናት። ጭንቀት አንዳንዴ ሰውን ያሳውራል፤ ለሙሚና ግን ያን ቀን አበራላት።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ካፒቴኑ የሚፈልጉት እግሬን ነው ወይስ ወረቀቱን?»

ካሳሁን ጠየቀ። ካፒቴኑ ተቆጣ ማለት ይቻላል። «የሴት እግር ምን ያደርግልኛል? ወረቀቱን ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ሄዳለች ብላችሁ ጻፉልኝ።»

ካፒቴኑ ይህን የመሰለ ሥልጡን ሐሳብ ከቆላ ሰው ሰምቶ አያውቅም ነበር። «ሄዳለች» ብሎ ጻፈ። ሙሚናም ጅቡቲ ሄደች፤ ማለትም ቤቷ ገብታ ለአራስ የሚሆን ማር ትፈልግ ጀመር።

በማግስቱ ጠሪው አስፋው ለመንገድ ሥራ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ሊያስወጣ መጣ። ለካፒቴኑ ቁርስ የሚሆነውን የዶሮ እንቁላልም የሚሰበስበው እሱ ነው።

«የሙሚና ቤት፣ ሰው ይውጣ፣ እንቁላልም ይውጣ።»

«ሙሚና የለችም፣ ጅቡቲ ናት» አለች ሙሚና ከጓሮ።

አስፋው ሄዶ ቢሮ ጠየቀ። እውነት ነው፤ ጅቡቲ ናት። በውጭ አገር ያለ ሰው ድንጋይ አይፈልጥም። ዶሮዎቿም ባለቤታቸው በሌለችበት አይነኩም።

አዋላጇ አስካለ በአጥሩ ላይ አጮልቃ ይህን ሁሉ ሰምታለች።

«ሙሚናዬ፣ ጅቡቲ እንዴት ነው?»

«ቤቴን ይመስላል።»

«እኔም ልሂድ ይሆን?»

በሳምንቱ አስካለ ሄደች። ሐምዲያም ከነልጆቿ ሄደች። ጀይላን በዚህ ዕድሜያቸው ባሕር ለማየት ልባቸው ተነሣሥቶ ሄዱ። ምስክር ያጣ አልነበረም፤ ወፉ እሮቃው ላይ ነው። ዋስ ያጣም አልነበረም፤ ጅቡቲ የሄደው ላልሄደው፣ ያልሄደው ለሄደው ዋስ ይሆናል። አቶ ገብረሚካኤል የቀወትን ሰው መርተው የሄዱ ቀን ካፒቴኑ የማኅተሙን ቀለም ጨረሰ። ከበላይ አለቆቹም ምስጋና ጎረፈለት፤ ሕዝቡን በዚህ ፍጥነት ዓለም እንዲያይ ያደረገ ሹም በግዛቱ ሁሉ አልተገኘም ተባለ። እንቁላል ግን ጠፋ።

በገበያ ቀን ካፒቴኑ ሊንሸራሸር ወጣ። ገበያው ጢም ብሏል። ማሽላ ይሰፈራል፣ በርበሬ ያስነጥሳል፣ ነጋዴው ይሟገታል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ።

«ማንም የለም» አለ ካሳሁን። «ሁሉም ጅቡቲ ናቸው።»

ካፒቴኑ አንድ ክምር ማሽላ ዞሮ አለፈ። በማግስቱ ካሳሁንም ጅቡቲ ሄደ።

መሊካ ያማጠችው በጠዋት ነው። ሙሚና ወገቧን ያዘች፣ አስካለ አዋለደች፤ ገንፎውም ዓሣ አልነካውም። ወንድ ልጅ። እልልታውን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ነበር ያሉት፤ ባዶ ቤት ውስጥ እልል አይባልም። ሕፃኑን ግን ማን ሸፍኖ ይችለዋል? የሮቢት ወንዝ ማዶ እስኪሰማ ጮኸ።

ካፒቴኑ በሩን ገፍቶ ገባ። ሽሽት የለም፤ አራስ ተይዞ ወዴት ይሸሻል? ካፒቴኑ ግን መዝገቡን ገለጠ። የቤቱ ባለቤት ጅቡቲ ናት። አዋላጇ ጅቡቲ ናት። መሊካ በደብዳቤዋ መሠረት ጅቡቲ ናት። ሕፃኑን ቢፈልገው አልሄደም። እንግዲህ በሕግ ዓይን ሲታይ በከተማው ያለው ሰው ይህ ሕፃን ብቻ ነው፤ ሕዝቡ እሱ ነው። ካፒቴኑ ሕዝቡን በክብር አንሥቶ ታቀፈው። ሕዝቡም ሸናበት።

ያን ቀን ለአለቆቹ የላከው ቃል እንዲህ ይላል። «የከተማው ሕዝብ በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ በመጮኽ ላይ ነው። የቀረበለትን ይተፋል። በቃል ሊመከር አልቻለም። የመንግሥትን የደንብ ልብስም በአደባባይ አዋርዷል።»

አለቆቹ ደነገጡ። ተራራው ላይ አርበኛ አለ፤ ከሥር ደግሞ ሕዝቡ በሙሉ አምጿል። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ጣቢያውን ልቀቅ፣ ወደ ካራቆሬ ሽሽ። ካፒቴኑ ማኅተሙን ጠቅልሎ መኪናው ላይ ወጣ።

አቧራው ሲበርድ ሙሚና ሕፃኑን ታቅፋ ደጅ ወጣች። ከጅቡቲ መመለሷ ነበር። ማንም ይለፍ አልጠየቃትም። ከማዶ ቤት ሐምዲያ ከሻንጣዋ ጋር፣ ማለትም ከወንፊቷ ጋር፣ ብቅ አለች።

«እንዴት ነበር አገሩ?» አለቻት።

«ይሞቃል» አለች ሙሚና። «ሰዉ ግን ደግ ነው።»