የገለልተኛው ባለሙያ ሹመት

በሐይቅ ከተማ የሚገኝ፣ ከትሕትናው የተነሣ ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ አንድ ክቡር መሥሪያ ቤት፣ የትምህርትን ጥራት ከአስተማሪና ከተማሪ ጣልቃ ገብነት ለመጠበቅ ሲል የትምህርት ባለሙያ ሊቀጥር ወሰነ። ባድሩ ይህን ሲሰማ ባጃጁን ሐይቁ ዳር አቁሞ፣ ፊቱን ታጥቦ ሮጠ። ትምህርት አንገብግቦት አይደለም። አምባሰል ለምትኖረው ለሚወዳት ለሰሚሃ ሽማግሌ ልኮ፣ እሷ እሺ ብላ ሳለች አባቷ አቶ ኢስሃቅ «ቢሮ ውስጥ ወንበር የሌለው ሰው ልጄን አያገባም» ብለው መልሰውበታል። ባጃጁ ውስጥ ያለው ወንበር አልተቆጠረለትም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በዕውቀቱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩትን መምህርት ዙለይሃን በታላቅ አክብሮት ውድቅ አድርገዋቸዋል። ያስተማረ ሰው ለማስተማር ያደላላ! ቀጥሎ ባድሩ ገባ።

«አስተምረህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላህ ይጠብቀኝ!»

«ስለ ትምህርት ያነበብከው ነገርስ?»

«ባጃጅ እየነዳሁ? ወላሂ አንድ ገጽ የለም።»

አቶ በዕውቀቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው በዚህ ዘመን ይገኛል ብለው አላሰቡም ነበር። ባድሩ ለሙከራ ተቀጠረ።

በመጀመሪያው ዐውደ ጥናት ለመምህራን ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ተነሣ፤ የሚለው ጠፋው። ጭንቅ ሲለው አያቱ ያደርጉት እንደነበረው መዳፉን ዘርግቶ መመረቅ ጀመረ።

«ልጆቻችን ማንበብ ይልመዱ!»

«አሚን!» አለ አዳራሹ። የወሎ ሰው ተመርቆ ዝም አይልም።

«መጽሐፉ ለሁሉም ይድረስ!»

«አሚን!»

«የጥራት ክፍተቱ ይደፈን!»

«አሚን!»

ቃለ ጉባኤው «የባለሙያው ምክረ ሐሳቦች በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል» አለ። ሪፖርቱ ደግሞ «ተፈጽመዋል» ብሎ ወደ በላይ አካል ሄደ። ዝናው አምባሰል ሲደርስ አቶ ኢስሃቅ ለዘብ አሉ፤ «ወንበሩን በዓይኔ ልይና እድራለሁ» አሉ።

ነገሩን ያበላሹት መምህርት ዙለይሃ ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ አሚን ብያለሁ። መጽሐፉ እስኪመጣ ግን ግባና ልጆቹን ፊደል አስቆጥርልኝ እስቲ።»

ባድሩ እምቢ ማለት አፍሮ ክፍል ገባ። አንዲት ሕፃን በጣቷ እየጠቆመች ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ስትዘልቅ ደስታው ራሱን አስረሳው፤ ደወል እስኪደወል አልወጣም።

ወሬው ቢሮ ቀድሞት ደርሷል።

«ክፍል ገብተሃል?» አሉ አቶ በዕውቀቱ።

«ገብቻለሁ።»

«ከልጆቹ የተማረ አለ?»

«አዎ! አንዷማ አንበለበለችው!»

«በቃ፣ ተበላሸህ» አሉት ከልብ አዝነው። «ከእንግዲህ ገለልተኛ አይደለህም።»

ባድሩ በዚያው ተሰናበተ። ዞር ሲል አቶ ኢስሃቅ ከአምባሰል ወርደው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ የተለቀቀውን ወንበር ያያሉ። ሰሚሃን እንዳጣት ገባው።

አቶ በዕውቀቱ ግን የአዛውንቱን ግርማ ሞገስ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አስተምረው ያውቃሉ?»

«እኔ? ትምህርት ቤት በደጁም አልፌ አላውቅ!»

«ግሩም ነው! አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ወላጅ ለልጁ ማድላቱ አይቀርም። ልጅ አለዎት?»

አቶ ኢስሃቅ ወንበሩን ነካ አደረጉት፤ ተሽከረከረ። ከዚያ ባድሩን አዩት።

«አንዲት ነበረችኝ» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። «አሁን ለዚህ ልጅ ድሬያታለሁ፤ ከእንግዲህ እሱን ጠይቁት።»