ሳይፈተን ሠርግ አይጫንበትም

(የአንድ ፎቶ ቤት የኋላ ክፍል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንደኛው የፎቶ አንሺው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ከሆዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያወጣል። ሁለተኛው የሊቁ ላፕቶፕ ነው፤ ጎኑ ላይ ትናንት የተገዛ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል። ሊቁ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ አሽሟጥጠው ያወጡለትን እሱ እንደ ምርቃት ተቀብሎ ይኖራል። ፎቶ አንሺው የእህቱ ባል ነው።)

ሊቁ፦ እጅህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳልኝ።

ፎቶ አንሺ፦ ዲስኩን መች ነካሁት? ጠረጴዛውን ነው እኮ።

ሊቁ፦ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ዲስኩም ይነቃነቃል። እየተነበበ ያለ ዲስክ አይነቃነቅም።

ፎቶ አንሺ፦ ቅድም ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ስትወዘውዘው የነበረውስ?

ሊቁ፦ ያ ምርመራ ነው። በባለሙያ እጅ ሲወዘወዝ ሌላ ነው።

ፎቶ አንሺ፦ አዲስ እኮ ነው አማቼ። ላስቲኩን የላጥኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ሊቁ፦ አዲስ ስለሆነ ነው የምጠረጥረው። የአሮጌ ዕቃ ጠባዩ ይታወቃል። አዲስ ዕቃ ግን ወይ በመጀመሪያው ሰሞን ይከዳሃል፣ ወይ ለዓመታት ያገለግልሃል። ያንን የመጀመሪያ ሰሞን እዚሁ ዓይኔ እያየ እንዲጨርሰው ነው የማደርገው።

ፎቶ አንሺ፦ እህትህን ስትድርልኝ ግን ምንም አልፈተንከኝም።

ሊቁ፦ ከዚያ ወዲህ ነው መፈተን የጀመርኩት።

(አሮጌው ኮምፒውተር ያቃስታል። ሊቁ ጆሮው ቆመ፤ ድምፁ አልጣመውም። ግን ፊቱን አላዞረም።)

ፎቶ አንሺ፦ ይሄ ሠርጉ ያለበት ኮምፒውተር ድምፁን ለወጠ። የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሥራ አጥፍቼዋለሁ። የሙሽራዋ እናት ደግሞ ከሰዓት በኋላ የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ሊወስዱ ይመጣሉ። ሴትዮዋን ታውቃቸዋለህ።

ሊቁ፦ ማን የማያውቃቸው አለ።

ፎቶ አንሺ፦ ታዲያ ትናንት ፎቶውን ወደ አዲሱ ልገልብጠው ስልህ ለምን ከለከልከኝ?

ሊቁ፦ ያልተፈተነ ዲስክ ላይ ሠርግ አይጫንም አልኩህ። እስቲ ልጠይቅህ፤ ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያልፍበት ማን ነው? ሙሽራ ነው ወይስ አሸዋ የጫነ መኪና?

ፎቶ አንሺ፦ (አስቦ) ሙሽራው ካልቸኮለ፣ አሸዋ የጫነው።

ሊቁ፦ ይኸው ገባህ። ትናንት አሸዋ ጫንበት ያልኩህ ለዚህ ነው። የማይረባ ነገር ከየትም ሰብስብና አፍ እስከ ገደፉ ሙላው አልኩህ። ሞልተኸዋል?

ፎቶ አንሺ፦ ጢም አድርጌ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ግን አማቼ፣ የሞላሁበት ነገር…

ሊቁ፦ በምንም ሙላው። ጆንያ ሲፈተን የሚታየው መቀደዱና አለመቀደዱ ነው። ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ፎቶ አንሺ፦ እሺ። አልጠየቅከኝም።

(ላፕቶፑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ እየተሳበች ትሄዳለች። ሊቁ የትኩሳተኛ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው በእጁ ጀርባ ዲስኩን ይነካል።)

ፎቶ አንሺ፦ አመመው?

ሊቁ፦ ለብ ብሏል። ደህና ነው። አሁን የሞላኸውን ከዳር እስከ ዳር እያነበበው ነው። አንዷን ፋይል እንኳ ማንበብ አቃተኝ ካለ፣ ዛሬውኑ ወደ ሻጩ።

ፎቶ አንሺ፦ ሲያነበው ይገባዋል?

ሊቁ፦ ማን?

ፎቶ አንሺ፦ ላፕቶፑ።

ሊቁ፦ አንተ ፎቶ ስታነሳ የሰው ኃጢአት ይታይሃል?

ፎቶ አንሺ፦ አንዳንዴ። በተለይ ሚዜዎቹ ላይ።

ሊቁ፦ (አረንጓዴዋ መስመር ዳር ደረሰች) በቃ፣ አለቀ። አንድም ስህተት የለም። ይሄ ዲስክ ልጅህን ልትድርለት የምትችል ዲስክ ነው። አሁን አሸዋውን እናራግፍና ሠርጉን እንጭናለን።

(ሊቁ ሁሉንም ሊያጠፋ ማውዙን ይዞ ይጠጋል። ፎቶ አንሺው እጁን ይይዘዋል።)

ፎቶ አንሺ፦ አታራግፈው።

ሊቁ፦ ቆሻሻ ታቅፈህ ልትኖር ነው? ልቀቀኝ እንጂ።

(አሮጌው ኮምፒውተር አንዴ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ስክሪኑ ይጠቁራል። ሊቁ ማውዙን ጥሎ ይነሣል። ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፣ ጆሮውን ሆዱ ላይ ይለጥፋል። እንዲህ ያለውን ዝምታ በሥራው ብዙ ሰምቶታል።)

ሊቁ፦ ሄደ።

ፎቶ አንሺ፦ የት?

ሊቁ፦ የአሮጌው ዲስክ ተቃጥሏል። ከእንግዲህ አይነሣም። (ይቀመጣል) ትናንት ገልብጠኸው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። የከለከልኩህ እኔ ነኝ። አንተ ዞር በል፣ ለእናትየዋ እኔው እነግራቸዋለሁ።

ፎቶ አንሺ፦ ምን ብለህ?

ሊቁ፦ የልጅዎን ሠርግ የበላሁት እኔ ነኝ ብዬ። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።

ፎቶ አንሺ፦ ያን ሁሉ ከምትናዘዝ አዲሱን ክፈተው።

ሊቁ፦ እሱ ላይ ያለው ጉድፍ ነው፤ ምን ያደርግልኛል?

ፎቶ አንሺ፦ ክፈተዋ።

(ሊቁ ይከፍተዋል። ፎልደሮች ተደርድረዋል፤ ‘ሠርግ’፣ ‘ሠርግ እንደገና’፣ ‘ሠርግ አሁንም’፣ ‘ሠርግ፣ ገና አልሞላም’። አንዱን ሲከፍት ሙሽራዋ ትስቃለች። ሌላውን ሲከፍት ያችው ሙሽራ፣ ያንኑ ሳቅ። እናትየዋም ከጀርባ ቆመው በሁሉም ላይ በክፉ ዓይን ያዩታል።)

ሊቁ፦ (ላቡን እየጠረገ) ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?

ፎቶ አንሺ፦ አሸዋው ነዋ። አንዱን ሠርግ እስኪሞላ ድረስ ደጋግሜ ገለበጥኩት። ልነግርህ ስል ጆንያ አልከኝ።

ሊቁ፦ እኔ እኮ የማይረባ ነገር ፈልግ ነበር ያልኩህ።

ፎቶ አንሺ፦ ፈለግኩ እንጂ። ቤቱን ሁሉ አስሼ ያገኘሁት፣ አንተ ስለ ጥንቃቄ እየቀረጽክ የምትልክልኝን ቪዲዮ ብቻ ነው። አንድም ሳላስቀር ጫንኩበት፤ ዲስኩ ያው ባዶ ነኝ ይላል።